ስንቅ እስከ ጎተራ

ለገሃር ስንት ዘመን ባቡር ናፍቆት ከርሞ ቀላል ባቡሩ ሥራ የጀመረ ሰሞን፣ አክስቴ «ጎተራ ልጄ ጋ በባቡር ልሄድ ነው» አለችን። ድሮ ድሬዳዋ ስትሄድ እንደምታደርገው ዳቦ ቆሎ ቋጠረች፤ ጎረቤቱን ዞራ ተሰናበተች። እኛም ወግ ነውና ጣቢያ ድረስ ሸኘናት። በሩ ላይ ተራ በተራ ስንስማት ተሳፋሪው ተቆጣ።

ገና ቤት ሳንገባ ደወለች። «ስንቄን ሳልፈታው አወረዱኝ! ይሄ ምኑ ባቡር ነው?»

ማታ ግን እንደ ድሮው ብርቱካን ይዛ ተመለሰች፤ «ከመንገድ ነው ያመጣሁት» እያለች ለጎረቤቱ አደለች። ከደጃችን ፍራፍሬ ቤት ስትገዛ ያላያት አልነበረም። ሁሉም ግን ብርቱካኑን እየተቀበለ «እንኳን በሰላም ገባሽ» አላት።