ዋስ የሆንኩለት ሰው

ተፈራ እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው መሆኑን ባውቅ ኖሮ ዋስ አልሆነውም ነበር። ውሸቴን ነው፤ እሆነው ነበር። ከወለጋ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን መጠለያ የገባ ሰሞን፣ የጠፋችብኝን በግ እየጎተተ «የማን ናት?» እያለ ሰፈሩን ሙሉ ዞሮ ያመጣልኝ እሱ ነው። ራቡ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። አርዶ ቢበላት እኔ አልፈርድበትም።

የአንድ እርዳታ ድርጅት መጋዘን ዘበኛ ሊሆን ሄዶ «ዋስ አምጣ» ሲሉት ታዲያ ወደ እኔ መጣ። ለተፈናቃይ ማን ዋስ ይሆናል? የቤቴን ካርታ ይዤ ሄጄ አስያዝኩለት። ባለቤቴ ፍቅርተማርያም «ዕዳ ከሜዳ ልታመጣብን ነው!» ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

መጋዘኑ ውስጥ ያለው ለከሱ ሕፃናት የሚሰጥ የለውዝ ምግብ ነው። የሚገዛው የሩቅ አገር መንግሥት ነበር። አንድ ቀን ያ መንግሥት ለውጭ እርዳታ የሚያወጣውን በጀት አጠፈው ተባለ። ድርጅቱ ሠራተኞቹን አሰናብቶ፣ ተፈራን «ትእዛዝ እስኪመጣ አንድ ካርቶን እንዳይነካ» ብሎት ሄደ። ገንዘቡ የራሳቸው ነው፤ ቢያቆሙ አልከራከርም። የሰጡትን ምን አስቆለፋቸው?

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተፈራ የልጅ ልጅ ማስተዋል ከሳች። እናቷ ስለሞተች የሚያሳድጓት እሱና ሚስቱ አዛለች ናቸው። ጤና ጣቢያ ሲወስዷት «ያ የለውዝ ምግብ ያስፈልጋታል፤ እኛ ጋ ግን አልቋል» አሏቸው። አያቷ ቁልፉን ወገቡ ላይ አስሮ እኮ ነው! አዛለች መጋዘኑ በር ላይ ቁጭ ብላ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለች ታለቅሳለች። የመጠለያው እናቶችም ጨካኝ፣ አረመኔ እያሉ ይሰድቡታል።

እኔም ወደ መጋዘኑ ሄድኩ።

«ተፈራ፣ ክፈተው። ከፈለጉ እኔን ይሰሩኝ፤ ቤቱንም ይውሰዱት።»

«አይሆንም ጋሼ ወልደአረጋይ።»

«እኔ ፈቀድኩልህ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

«እርስዎ ቢፈቅዱም ነገ ‹ተፈናቃይ ዋሱን አሳሰረ› ይባላል። ከዚያ በኋላ ከእኛ መሀል ሥራ ለሚፈልግ ማን ዋስ ይሆናል? የዚህ ሁሉ ልጅ አባት ምን ሠርቶ ያብላ?»

«ድንጋይ!» ብዬው ተመለስኩ። መዶሻ ይዤ ሄጄ ቁልፉን ልስበረው አልኩ፤ ብሰብረውም የሚታሰረው እሱው ነው። አለቆቹ ጋ ብደውል፣ ብደውል፣ የሚያነሳ የለም። ቤቴ ገብቼ እንደ ሴት ልጅ አለቀስኩ፤ ምን ላርግ?

ማስተዋል በክረምቱ ብርድ ሞተች።

የድርጅቱ መኪና የመጣው አርባዋ ሳይወጣ ነው። ምግቡ ጊዜው ስላለፈ ሊቃጠል ነው አሉ። ተፈራ ከፈተላቸው፤ አብሯቸውም ጫነ። አዛለች ጥቁሯን ለብሳ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ታያለች። ኃላፊው ቆጥሮ ሲጨርስ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አንድም አልጎደለም፣ ጎበዝ!» አለው። ለእኔም ካርታዬን መለሰልኝ።

ተፈራ እጁን እያራገፈ አጠገቤ መጣ።

«ጋሼ፣ አላሳፈርኩዎትም አይደል?»

«አላሳፈርከኝም» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?