ዶክተሩን በጣት ያስፈረምኩበት ቀን

ዛሬ አንድ ዶክተር ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ ያለው ቤቴ ቁጭ ብሎ፣ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመልኝ። እስክሪብቶው የደረት ኪሱ ውስጥ ነበር።

የመጣው ኦቲዝም ያለበትን የልጅ ልጄን ለጥናት ሊመዘግብ ነው። ልጄ ለመፈረም እጇን ስትዘረጋ፣ «ቆዪ፣ እኔ የቆየ ቂም አለኝ» አልኳት።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ታናሽ ወንድሜ ታዴ አይናገርም ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ጠጠር ይደረድራል። አንድ የውጭ አገር ሐኪም ሊያጠናው ጀጎል ድረስ መጣ። አስተርጓሚው ምንም ሳይጠይቅ የእናቴን አውራ ጣት ይዞ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው።

በኋላ የነገሩን ውጤት ይኸው፦ «ልጁ የማይናገረው እናቱ ስለማታቅፈው ነው።» ሰባት ዓመት ሙሉ ከጀርባዋ ያላወረደችውን ልጅ! ጎረቤት ሁሉ ሰማ። እናቴ እስክትሞት አንገቷን እንደደፋች ኖረች።

እኔም ዛሬ የራሴን ወረቀት ጽፌ ጠበቅኩት፦ «የልጁ ዝምታ የእናቱ ጥፋት አይደለም። ውጤቱንም እዚሁ መጥቼ ለቤተሰቡ እነግራለሁ።»

(ምስኪኑ ዶክተር ያኔ አልተወለደም። ይሁና! እናቴስ ምን አጥፍታ ነበር?)

አንብቦ እስክሪብቶውን ሲያወጣ ቀለሙን አስጠጋሁለት። «በጣትህ» አልኩት።

«እማማ፣ እኔ እኮ መጻፍ እችላለሁ» አለኝ ደንግጦ።

«እናቴም ትችል ነበር። የሠፈሩን ደብዳቤ ሁሉ የምትጽፈው እሷ ነበረች።»

እስክሪብቶውን ኪሱ መልሶ ጣቱን ነከረ። ከዚያ ልጄ ፈረመች፤ በእስክሪብቶ።

ሲነሳ ሳሙና ጠየቀኝ። አልቋል አልኩት። ጓዳ ውስጥ ሁለት አለ።

በእናንተ ቤትስ እንዲህ ያለጥፋቷ የተወቀሰች እናት አለች? ስሟን ከታች ጻፉልኝ። የእኔዋ ወይዘሮ አስካለ ትባላለች።