የእሷ ምዕራፍ

ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። ባልደረቦቹ «ነጠላ ሰረዝ» ይሉት ነበር፤ እሱ ደግሞ መቀየሙ ቀርቶ ይኮራበታል። ጡረታ ሲወጣ ስለ ማተሚያ ቤቱ ሰዎች መጽሐፍ ልጽፍ ነው ብሎ ተነሣ። እኔ ታናሽ እህቱ አብሬው ነው የምኖረው፤ ደስ አለኝና የስፌት መኪናዬን ወደ ጓዳ አስገብቼ መስኮቱ ሥር ያለውን ቦታ ለቀቅኩለት።

መጽሐፉ የሚጀምረው ሥራ ባስተማሩት ሽማግሌ ነው። ሰውየው ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ የእርሳስ ብረት ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ ገጽ የሚሠሩ። ሚስታቸውን ያገኟት እዚያው ጥረዛ ክፍል፣ መጽሐፍ ስትሰፋ ነው። እሷ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ልጅም የላቸው። ቤታችን በመጡ ቁጥር የእሷን ነገር ለማንሳት ዳር ዳር ይሉ ነበር። አንድ ቀን ግን ፊት ለፊት ተናገሩት።

«እኔ እንደሆንኩ መርሳት ጀምሬያለሁ። የእሷን ነገር ዛሬውኑ ጻፍልኝ።»

ወንድሜ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው?

«ጋሼ፣ እሷ ያለችው ምዕራፍ አምስት ላይ ነው። እዚያ ስደርስ እጠይቅዎታለሁ፤ እስከዚያ ይያዙልኝ።»

እሺ አሉ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ምን ይበሉ።

ወንድሜ ግን ምዕራፍ አምስት የሚደርስ ሰው መስሏችሁ! ጠዋት ሲቀመጥ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ገጽ ነው። ያነባል፣ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቃል ይሰርዛል፣ ትንሽ ቆይቶ የሰረዘውን ይመልሳል። ምሳ ሲደርስ ጉልበቱም ወኔውም አልቋል። ዝም ብለህ ወደፊት ጻፍ፣ ቢበላሽስ ማን ያይብሃል ብዬ ለመንኩት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። የሰው ስህተት ሲለቅም የኖረ ሰው የራሱን ጥሎ ማለፍ ሞት ሆነበት። ኋላ ኋላማ ጭራሽ መቀመጡንም ተወው። ልቤ እምቢ አለኝ ይላል። ልብማ ምን ያድርግ፣ አንድ ደጃፍ ላይ ሲያመላልሱት ለምን አይሰለቸው?

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። ሽማግሌው መምጣት ቀነሱ። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት የሰፈራችን ዳቦ ሻጭ እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው፤ ለስንት ዘመን የተመላለሱበት መንገድ ጠፍቷቸው። ወንድሜ ያኔ ደነገጠ። አስቀመጣቸውና ገና ሳያርፉ፣ ስለ ባለቤትዎ አሁን ይንገሩኝ አላቸው። እሳቸው እንግዳ ሰው እንደሚያዩ አዩት። ወይ ነዶ፣ ያኔ የወንድሜን ፊት ማየት አልቻልኩም።

ምናልባት ትዝ ቢላቸው ብሎ ምዕራፍ አንድን አነበበላቸው። ስለ ራሳቸው ነው፤ ስለ ጣቶቻቸው ፍጥነት፣ ሲሠሩ ስለሚያፏጩት ፉጨት። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ደስ ይላል» አሉ። «አንድም ስህተት የለበትም።»

ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ከእሳቸው አፍ ሊሰማው የተመኘው ቃል ነበር። አንገቱን ደፋ።

«ሰውየው ሚስት ነበረችው?» አሉ ሽማግሌው።

«ነበረችው፣ ጋሼ።»

«እስቲ የእሷን አንብብልኝ።»

ወንድሜ ገጹን ገለጠ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ባዶ ወረቀት ነበር።