ሰሌዳው አይጠፋም

ቢሮ አብራኝ የምትጋራ አንዲት የሒሳብ መምህርት አለች፤ ተማሪዎቿ «እንደገና» ይሏታል። ተማሪ ሲሳሳት እሷ አትሠራለትም፤ ጠመኔውን ታስይዘውና «እንደገና!» ትላለች። ግትርነቷ እኔን ስንቴ አንገብግቦኛል!

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲው የዓመቱ ምርጥ መምህር ብሎ መረጣት። ሽልማቱ የሚሰጠው ግን ሐሙስ ከሰዓት፣ በፈተና የወደቁትን በምታስጠናበት ሰዓት ነበር። «ተይ እንጂ፣ ጥናቱ ለአንድ ቀን ቢቀር ምን ይሆናል?» ብዬ ብለምናት፣ «ሳይገባቸው የትም አልሄድም» ብላ ድርቅ አለች።

ዲኑ ምን ያድርጉ? የምስክር ወረቀቱንና ፎቶ አንሺውን ይዘው ወደ ክፍሏ መጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ሰሌዳው ፊት አንዲት ተማሪ ቆማ ሒሳብ ትሠራ ነበር። ዲኑን ስታይ ደንግጣ ልትቀመጥ ዞረች።

«የት ልትሄጂ ነው? ጨርሺ እንጂ!» አለቻት መምህርቷ። «ዶክተር፣ እርስዎም ቁጭ ይበሉ።»

ዲኑ ተማሪዎቹ መሃል ተቀመጡ። ልጅቷ ተሳሳተች፤ «እንደገና!» ተባለች። ደግማ ተሳሳተች፤ «እንደገና!» በመጨረሻ የሳተችበትን መስመር ራሷ አገኘችውና አስተካክላ ጨረሰች። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

ፎቶ አንሺው ዳስተሩን አነሳ። «ከጀርባችሁ ንጹሕ እንዲሆን ሰሌዳውን ላጥፋው።»

«እስቲ ንካውና ታያለህ!» አለችው መምህርቷ።

ፎቶው አሁን ዲኑ ቢሮ ተሰቅሏል። እሷ ሽልማቷን ይዛ ጥግ ላይ ቆማለች፤ መሃሉን የያዘው የልጅቷ ስሌት ነው።