አየርላንድ ውስጥ የወጣሁት የጠጠር ዳገት

ባለፈው እሑድ ልጄ ማህሌት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርትመንቴ መጥታ ምሳ ከበላን በኋላ ላፕቶፗን ከፍታ አንድ ካርታ አሳየችኝ። ከጓደኞቿ ጋር አየርላንድ ሄዳ ብስክሌት ልትነዳ አስባለች። «ማሚ፣ ሙሉ በሙሉ ጠጠር ነው፤ አንድም መኪና አይገባበትም» አለችኝ፣ እንዳልሰጋ ብላ። ከጥድ ደኑ ሥር ተነስቶ፣ ረግረጉን አቋርጦ ተራራው አናት ላይ የሚወጣውን ቀጭን መስመር በጣቷ እየተከተለች ስታሳየኝ፣ የቦታውን ስም ሳላነብ አወቅሁት። ያን መንገድ በሃያ ሁለት ዓመቴ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ወጥቼዋለሁ።

ያን ጊዜ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነበር የምንኖረው፣ እኔና አባዬ ብቻ። እናቴ ካረፈች በኋላ ዲቪ ደርሶት ነው ይዞኝ የመጣው። አባዬ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ብስክሌት ይወዳደር ነበር፤ ሰንዳፋ ደርሶ መመለስ ለእሱ እንደ ሰፈር ሽርሽር ነበር። አሜሪካ እንደገባን መጀመሪያ የገዛው ዕቃ አልጋ ሳይሆን ብስክሌት ነው። በእሱ እየተመላለሰ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ይሠራ ጀመር። አንድ ቀን ግን ከሥራ ሲመለስ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መኪና ገጨው። ከጭረትና ከእብጠት በቀር የከፋ ነገር አልደረሰበትም። ብስክሌቱን ግን በረንዳ ላይ አቁሞ በላስቲክ ሸፈነው፤ ከዚያ ወዲያ ሥራ የሚሄደው በአውቶቡስ ሆነ። አስተምረኝ እያልኩ የምወተውተውን እኔንም፣ ይሄ አገር መንገዱ የመኪና ነው ብሎ አፌን ዘጋኝ። መንዳቱን መተዉ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። ዝምታ አበዛ። ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ቆየት ብሎ፣ ከሩቅ እንደተጠራ ሰው ሆኖ ነበር የሚመልሰው።

ታናሽ እህቱ አክስቴ ወይንሸት በነርስነት አየርላንድ ትኖር ነበር። ዴክላን የሚባል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በግብርና ሥራ ዓመታት ያሳለፈ የዚያው አገር ሰው ልታገባ ሆነና፣ አባታችን በሕይወት ስለሌለ የሚድረኝ ወንድሜ ነው ብላ ጠራችን። ቪዛው እንደ ምንም ተገኘና በሐምሌ ሄድን።

የዴክላን ቤት ደጋ ላይ ነበር። አባዬ ከመኪናው እንደወረደ አየሩን በረጅሙ ስቦ «ይሄማ የእኛ ክረምት ነው» አለ። ካፊያው ይመጣል፣ ሳያስቸግር ይሄዳል፤ ፀሐይ ብቅ ስትል ሣሩ ሁሉ ይተናል። በጎቹ ባለቤታቸው እንዲለያቸው ጀርባቸው ላይ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ተቀብተዋል። ቁርስ ላይ ያለ እርሾ የተጋገረ ጠቆር ያለ ዳቦ፣ ጨው ያለው ቅቤና ወተት የገባበት ሻይ ይቀርባል። አባዬ ከአሌክሳንድሪያ ይዞት የመጣውን ሚጥሚጣ ቅቤው ላይ ነሰነሰ። ዴክላን ይህን ሲያይ የራሱን ቁራሽ ወደ እሱ አስጠጋ። ያን ዕለት ተወዳጁ።

ከቤቱ ጀርባ የጥድ ደን ይጀምራል። በደኑ ውስጥ ቀድሞ ግንድ ለሚጭኑ ከባድ መኪናዎች የተሠራ የጠጠር መንገድ አለ፤ ቆረጣው ሲያበቃ መግቢያው በብረት አጥር ተቆለፈና ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ ቀረ። ዴክላን ይህን ሲያወራ አባዬ አቋረጠው።

«ምንም መኪና የለም?»

«ምንም» አለው ዴክላን ጠንከር ባለ አማርኛው። «በግ ብቻ።»

በማግስቱ ጠዋት አባዬን አልጋው ላይ አጣሁት። ወጥቼ ብፈልገው ጋጣው ውስጥ ተንበርክኮ የአንድ አሮጌ ብስክሌት ሰንሰለት ዘይት ይቀባል። ለምሳ ሲመለስ እስከ ቅንድቡ ጭቃ ነበር፤ እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። እኔ ሳልጠይቀው የሌላውን ብስክሌት መቀመጫ ለቁመቴ ዝቅ አደረገና ነይ ውጪ ብሎ ጠራኝ። ወደቅሁ፣ ተነሳሁ፣ እንደገና ወደቅሁ። እሱ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ ይሮጣል፤ የለቀቀኝ ጊዜ አላወቅሁም። ሰርጉ ሲቃረብ ሜዳውንና ትንንሹን ዳገት ችዬው ነበር። ቁልቁለት ሲመጣ ግን ሁልጊዜ ወርጄ ብስክሌቱን እየጎተትኩ በእግሬ ነበር የምሄደው። በዚህም ይስቅብኝ ነበር።

አንድ ጠዋት እስከ ተራራው አናት እንውጣ ተባባልን። ጠጠሩ ከጎማችን ሥር ምጣድ ላይ እንዳለ ሽምብራ ይንጣጣል። ከጥዱ ስንወጣ ረግረጉ ተገለጠ፤ ወይን ጠጅ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ዓይን እስከሚደርስ አልብሶታል። እኔ እየቆምኩ፣ አንዳንዱንም እየገፋሁ ደረስኩ። አናቱ ላይ ድንጋይ ተደግፈን ቆሎ ስንበላ አባዬ ስለ ወጣትነቱ ውድድሮች፣ ስለ እናቴም አወራኝ። አሜሪካ ከገባን ወዲህ ስሟን ደጋግሞ ሲያነሳ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ልንመለስ ስንል ጉሙ ወረደ። አባዬ ከፊቴ እየቀደመ አንዱን ጥምዝ ሲዞር አንዲት በግ ከጉድባው ዘልላ መንገዱ ላይ ቆመች። እንዳይገጫት መሪውን ጠመዘዘ፤ ጎማው ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተና ከነብስክሌቱ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ስደርስበት ፊቱ አመድ መስሏል። ቀኝ እግሩ ከጭኑ በማይሆን አቅጣጫ ተጣሟል። ዴክላን ያዋሰን ሞባይል ኔትወርክ የለውም። ጃኬቴን አውልቄ ደረቱ ላይ አለበስኩት፤ ከዚያ የማደርገው ጠፋኝ።

«ሂጂ፣ ሰው ጥሪ» አለኝ።

«በእግሬ ወርጄ እስክደርስ አንተ በብርድ...»

«በእግርሽ ማን አለሽ?»

ብስክሌቱ ላይ ወጣሁ። ያን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድኩት ዛሬም አጥርቼ ልናገር አልችልም። ትዝ የሚለኝ ፊቴን የሚገርፈኝ ካፊያ፣ የእጄ መዳፍ ፍሬኑ ላይ መደንዘዙ፣ እያለቀስኩ ጮክ ብዬ ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ እያልኩ ራሴን ማዘዜ ነው። አንዴ ወድቄ መዳፌ ተልጦ ነበር፤ ሕመሙ የተሰማኝ በኋላ ነው። ከብረት አጥሩ ማዶ ያለውን የመጀመሪያ ቤት አንኳኳሁ። በሩን የከፈቱልኝ ሽማግሌ ነገሩን ከእንባዬ መሃል ለቅመው ወዲያው አምቡላንስ ጠሩ። ግን የአጥሩ ቁልፍ ያለው ደን ጠባቂው ዘንድ ነው፤ እሱ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል። እሳት ዳር ተቀመጪና ጠብቂ አሉኝ።

እናቴ ስታርፍ እኔ አጠገቧ አልነበርኩም። መድኃኒት ግዢ ብለውኝ ሄጄ ስመለስ አልጋው ባዶ ነበር። እሳቱ ዳር መቀመጥ አልቻልኩም። ሽማግሌውን ብርድ ልብስና ትኩስ ነገር ለመንኳቸው። በፔርሙስ ሻይ ሞሉልኝ፤ ብርድ ልብሱን በገመድ ከኮርቻው ኋላ አሠሩልኝ፤ አንዲትም ቃል ሳይከራከሩኝ አጥሩ ጎን ያለውን የእግረኛ ማለፊያ በር ከፍተው ያዙልኝ። ጠዋት እየቆምኩ የወጣሁትን ዳገት ያን ከሰዓት ሳልቆም ወጣሁት። ደረቴ ይቃጠላል፣ እግሬ የእኔ አይመስለኝም፣ ጉሙ ውስጥ ከፊቴ ካለው ጠጠር በቀር የሚታይ የለም። ቢሆንም አልወረድኩም።

ሳላየው ድምፁን ሰማሁ። የጎማውን ኮሽታ ሰምቶ ፈረንጅ የመጣ መስሎት በእንግሊዝኛ ተጣራ።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

«አልወረድሽም እንዴ?» አለኝ።

«ወርጄ ተመለስኩ። እየመጡ ነው።»

«ዳገቱንስ እየገፋሽ ወጣሽው?»

«እየነዳሁ።»

ብርድ ልብሱን ሳለብሰው የተላጠውን እጄን ያዘና ሳመው። አባት የልጁን እጅ ሲስም አይቼ አላውቅም። አንገቱን ደግፌ ሻዩን አጠጣሁት፤ ሰዎቹ እስኪደርሱም እጄን አልለቀቀውም።

አጥንቱ በቀዶ ጥገና ተጠገነ። አክስቴ ወይንሸት ወንድሜ ሳይድረኝ አላገባም ብላ ሰርጓን አዘገየችው። አባዬ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ዳራት፤ ዘፈኑ ሲጀመር ከወገብ በላይ ደህና ነኝ ብሎ ትከሻውን እየነቀነቀ ጨፈረ፤ የአየርላንድ ዘመዶቻችንም ወንበር ስበው ዙሪያውን ተቀምጠው ተከተሉት። አሌክሳንድሪያ ከተመለስን በኋላ እግሩ እንደጠና ላስቲኩን ከብስክሌቱ ላይ ገፈፈ፣ ለእኔም አንድ ገዛልኝ። ለብዙ ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ከፖቶማክ ወንዝ ጋር ጎን ለጎን በሚሄደው አሮጌ የውኃ ቦይ ዳር ባለው የጠጠር መንገድ አብረን ነዳን።

ይህን ሁሉ ለማህሌት ነገርኳት። እሷም ስልኳን አንስታ አሌክሳንድሪያ ለአያቷ ደወለችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። «አባባ፣ ማሚ ስለ አየርላንድ የምትለው ነገር እውነት ነው?» አለችው። አባዬ ዛሬ ሰማንያን አልፏል፤ ጆሮው ከበድ ብሏል፣ አየርላንድ የምትለዋን ቃል ግን አልሳታትም። ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ዳገቱ እኔ ከወጣሁት እጥፍ ረዘመ። ካፊያው ዶፍ ሆነ፤ ነፋስም ተጨመረበት። በጓም በግ መሆኗ ቀርቶ ቀንዳም አውራ በግ ሆነች። ማህሌት እውነት ነው? በሚል ዓይን አየችኝ።

እኛ ዘንድ ሰው ራሱን ሲያመሰግን አያምርበትም፤ እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት። አባቴ በልጄ ፊት ሲያመሰግነኝ ግን ምን አደርጋለሁ? ድሮ ቢሆን ኧረ አባዬ ተው፣ እንደዚያ አልነበረም እለው ነበር። ያን እሑድ ወንበሬን ወደ ስልኩ አስጠጋሁና እስኪጨርስ ድረስ ቀና ብዬ አዳመጥኩት።