የቁንዴ ፀጉርና የሰው እጅ

ሰው በሰው ፀጉር ላይ ምን አገባው? ቁንዴ ይህን ጥያቄ ራሷን መጠየቅ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል፤ መልስ የሰጣት ግን የለም። በመልስ ፋንታ የሚመጣባት እጅ ነው።

ቁንዴ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ፀጉሯን ቁንዳላ ስታደርግ፣ ልጆቹ ድሬድ የሚሉትን ማለት ነው፣ የወጣትነት ነገር ነው፣ ያልፍላታል ተብሎ ነበር። አላለፈላትም። ቁንዳላው ትከሻዋን አልፎ ወገቧ ጋ ደረሰ፣ ሥሩ ላይ ሽበት ጣል ጣል አለበት፣ እሷም ጎልማሳ ሆነች። የሰው ጣት ግን አሁንም አልሰለቸውም። ታክሲ ውስጥ ከኋላዋ የተቀመጠ ይነካዋል። ባንክ ወረፋ ላይ ከኋላዋ የቆመች ሴት አንዱን ዘለላ አንስታ ትመዝነዋለች፣ ሥጋ እንደምትገዛ። «የራስሽ ነው?» «ይታጠባል?» «ስትተኚ አይቆረቁርሽም?» በሻሽ ጠቅልላው የወጣች ቀን ደግሞ ሻሹን ገለጥ አድርገው ያዩታል። አንዴ ሆስፒታል የታመመ ጎረቤት ልትጠይቅ ሄዳ ታማሚው ራሱ ከትራሱ ቀና ብሎ ጎተት አደረጋት። እግዜር ይማርህ ብላ ወጣች። ሌላ ምን ትበል!

ሥራዋ መነጽር ማስተካከል ነው። የመነጽር ሱቁ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ያለችው ወንበር የእሷ ናት። መስታወቱን ኋላ ክፍል ያሉት ይሞርዱታል፤ የሰው ፊት ላይ የምታስቀምጠው ግን እሷ ናት። ፍሬሙን በሙቅ አየር ታለሰልሳለች፣ በጆሮ በኩል የሚያልፈውን ዘንግ ጎበጥ ታደርጋለች፣ ከዚያ ሁለት እጇን አየር ላይ አቁማ «ጆሮዎን ልንካ?» ትላለች። እሺ ካልተባለች አትነካም። ይህን የወረሰችው ከእናቷ ነው። እናቷ ዕድሜዋን በጤና ጣቢያ ቁስል ስታጥብና ስታሽግ የኖረች ድሬሰር ነበረች፤ «ሳትነግሪው የነካሽው ሰው ይደነግጣል» የምትለው ነገር አላት። ቁንዴ ያቺን ወንበር ትወዳታለች። ሰው ዓለምን ለመጀመሪያ ጊዜ አጥርቶ ሲያይ የሚኖረውን ፊት ከዚያ ወንበር ሌላ የትም አታገኘውም።

ያቺን ወንበር ነው እንግዲህ ባለሱቁ በፀጉሯ ሰበብ ሊነጥቋት የተነሱት።

የባለሱቁ ታላቅ እህት፣ ሁሉም እትዬ የሚላቸው፣ ሱቁን እንደ ጓዳቸው ነው የሚገቡበት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑማ ይቀል ነበር። ሐሙስ ዕለት አንዲት ጓደኛቸውን አስከትለው መጡ። ቁንዴ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ የአንድ አዛውንት ደንበኛን ፍሬም እያጎበጠች ነበር።

«ነይ እይልኝ፣ ያልኩሽ እኮ ይሄ ነው! እውነተኛ ነው፣ ንኪው!» አሉና እትዬ አንዱን ዘለላ ይዘው እንደ ደወል ገመድ ሳብ አደረጉት።

ቁንዴ ክው አለች። ፍሬሙን ከሚገባው በላይ አጠፈችውና ቀጭ አለ። አዛውንቱ ያለ መነጽር የገዛ እጃቸውን እንኳ ለይተው አያዩም፤ «ምን ተሰበረ? ምንድን ነው?» እያሉ ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ አዞሩ። ቁንዴ ለእትዬ ሳቅ አለችላቸው፤ የአዛውንቱን ዓይን ግን ሌላ ፍሬም እስኪፈለግላቸው ድረስ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንግዲህ ይሄኔ ነው። ባለሱቁ እህታቸውን በፈገግታ ሸኙና ቁንዴን ጠሩ።

«ስሚ፣ ፀጉርሽ ሥራ እያስተጓጎለ ነው።»

«ፀጉሬ ምን አደረገ፣ ጋሼ? ራሱን ጎተተ?»

«ሰው ካየው መንካቱ አይቀርም። ወይ ቁረጪው፣ ወይ ከሰኞ ጀምሮ ኋላ ክፍል ገብተሽ መስታወት ሞርጂ። እዚያ የሚነካሽ የለም።»

ነገሩን እያሰላሰለች ቤቷ ገባች። ዓርብም ስታሰላስለው ዋለች። ቅዳሜ ፀጉሯ የሚታጠብበት ቀን ነው፤ አጣቢዋ እናቷ ናት፣ ሥራዋም ከማጉረምረም ጋር ነው። «ይሄ ፀጉር ነው ወይስ ጣጣ? ተቆርጠሽ ሰው በመሰልሽ!» ትላለች ስታጥብም ስትጠቀልልም፤ ቁንዴ ለምዳዋለች።

«እማ፣ ቁረጪልኝ» አለቻት ያን ቀን።

እናቷ እልል ትላለች ብላ ጠብቃ ነበር። እናቷ ግን መቀሱን አመጣች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ከኋላዋ ቆመች። ከዚያ እንደ ልማዷ እጇን አየር ላይ አቆመች።

«ልቁረጥ?»

ቁንዴ አዎ ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣም።

«በይ እንጂ፣ እጄ ዛለ። ልቁረጥ?»

«እኔ እንጃ።»

«እኔ እንጃ እሺ አይደለም» አለች እናቷ፤ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ማነው እንዲህ ያስለቀሰሽ?»

ማልቀሷን ራሷም አላወቀችም ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

«ጎታቿ እያለች ተጎታቿ ልትቆረጥ? ጉድ ነው! አንቺስ ስትጎትትሽ ምን አልሽ?»

«ምን እላለሁ፣ ሳቅሁ።»

«ሳቅሽ?»

«ዝም አይነቅዝም ስትዪኝ አልነበር እንዴ የኖርሽው!»

«ዝም በይ ነው ያልኩሽ። ሳቂ አላልኩሽም።»

ሰኞ ጠዋት ቁንዴ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ቁንዳላዋን ጀርባዋ ላይ ለቃ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ባለሱቁ አዩዋት፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊመጡ ሲሉ በሩ ተከፈተ። እትዬ ናቸው፣ አዲሱን መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘው።

«ይሄ ነገር አፍንጫዬ ላይ አልቀመጥ አለኝ፤ አስተካክይልኝ እስቲ።»

ቁንዴ ፍሬሙን አለሰለሰች፣ ዘንጉን ጎበጥ አደረገች፣ እጇን አየር ላይ አቆመች።

«ጆሮዎን ልንካ፣ እትዬ?»

«ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ሥራሽ አይደል?»

«ሥራው የእኔ ነው። ጆሮው ግን የእርስዎ ነው።»

«ብትጠይቂኝ ባትጠይቂኝ ምን ለውጥ አለው?»

እጇን አላወረደችም። «ሐሙስ ዕለት ሳይጠይቁኝ ጎተቱኝ፣ ደነገጥኩ፣ የሰውየው ፍሬም ተሰበረ። አሁን ወይ ፀጉሬን ቁረጪ ወይ ኋላ ክፍል ግቢ ተብያለሁ። እኔ ሰልችቶኛል፣ እትዬ። በጣም ሰልችቶኛል።»

እትዬ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። ባለሱቁ የተወለወለ መስታወት እንደገና መወልወል ጀምረዋል።

«አንተ! የጎተትኩት እኔ፣ ኋላ ክፍል የምትገባው እሷ?»

«እኔ እኮ ለሥራው ብዬ...»

«ኧረ እፈር! ከዚህች ወንበር ንቅንቅ እንዳታደርጋት» አሉና ወደ ቁንዴ ተመለሱ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «በይ ንኪ።»

መነጽሩን አስቀመጠችላቸው፣ ከጆሯቸው ኋላ በጣቷ ተከትላ አየችው፣ መስታወት አቀረበችላቸው። እትዬ መጀመሪያ የራሳቸውን ፊት አዩ። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ጎንበስ ካለችው ከቁንዴ ትከሻ ላይ የወረደውን ቁንዳላ አዩ፤ እያንዳንዱን ጥቅል፣ ሽበቱን ሳይቀር። እጃቸው በልማድ ተነሳ። መንገድ ላይ ቆመ።

«ልንካው?» አሉ።

በዚያ ሁሉ ዓመት ልንካው ብሎ የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። አንድ ሰው ብቻ ቢጠይቀኝ በደስታ እሺ እለዋለሁ እያለች ነበር የኖረችው።

«አይ» አለች።

አይ ማለት መቻሏ እንዴት ደስ አላት! እትዬ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መለሱት። «እሺ» አሉ።

«ቀና ይበሉ፤ የግራው ትንሽ ላላ ብሏል» አለቻቸው ቁንዴ፤ እጇንም አየር ላይ አቁማ እንደገና ጠየቀች።