ለጋሽ ቱፋ ያስተረጎምኩበት ክረምት

ባለፈው ማክሰኞ ቃሊቲ፣ የቀላል ባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ላይ ወርጄ ወደ ቤቴ ሳዘግም፣ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ካናቴራ የለበሱ የውጭ አገር ወጣቶች የአንድ ትምህርት ቤት አጥር ሲገነቡ አየሁ። አንዲት የእኛ አገር ልጅ መሐላቸው ቆማ ግንበኛው የሚለውን ታስተረጉማለች። ግንበኛው ረጅም ነገር ተናገረ፤ እሷ አጭር ነገር አለች። ቆሜ ቀረሁ። ምናልባት ነገሩ በእነሱ ቋንቋ አጭር ይሆናል፣ ምን አውቃለሁ። እኔ ግን ለጋሽ ቱፋ ያስተረጎምኩበትን ክረምት አሰብኩ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሥራው በፈረንሳይኛ በሚካሄድበት አቃቂ ባቡር ጣቢያ ይሠራ ስለነበር ፈረንሳይኛ ለቤታችን እንግዳ አልነበረም፤ እኔም በትምህርት ቤት አጥብቄ ይዤዋለሁ። ሐምሌ ላይ ከእኔ ብዙም የማይበልጡ አሥራ ሁለት ፈረንጆች ከጅቡቲ በመጣው ባቡር ወረዱ። ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ላሉት ልጆች ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት በበጎ ፈቃድ ሊሠሩ ነው የመጡት። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ።

ጭቃው ጫማቸውን ከእግራቸው እየነቀለ ያስቀረዋል፤ እነሱ ይስቃሉ። የባቄላ ንፍሮ ከእኛ ጋር ከአንድ ሰፌድ ይዘግናሉ፤ የበቆሎ እሸት ሲጠበስ እሳቱን ከበው በዝናብ የራሰ ልብሳቸውን ያደርቃሉ። ደግ ልጆች ነበሩ፣ ይህን ዛሬም አልክድም። መሪያቸው ሚሼል በሚቀጥለው ዓመት እነሱ አገር ለተመሳሳይ ሥራ እንደሚያስጠራኝ ቃል ገባልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚሼል ፊቱን እንዳያጠቁር ቃላቴን እመርጥ ነበር።

ግንበኛው ጋሽ ቱፋ የዚያው መንደር ተወላጅ ናቸው። ግማሽ ዕድሜያቸውን አርሰው፣ ግማሹን ድንጋይ ጠርበው የኖሩ ሰው። የመሠረቱ ቁፋሮ ጉልበት ድረስ እንደገባ ሚሼል ይበቃል አለ። ጋሽ ቱፋ ጉድጓዱ ውስጥ ወረዱና ጥቁሩን ጭቃ ጨብጠው አወጡ።

«ይህ ኮቲቻ ነው» አሉኝ፣ አፈሩን በኦሮምኛ ስሙ እየጠሩ። «ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ድንጋዩ እስኪገኝ ካልተቆፈረ ቤቱን ይጥለዋል። ደግሞ ዝናብ ነው፤ ጥቅምትን ይጠብቁ በላቸው።»

ጥቅምት! ፈረንጆቹ የሚመለሱት ነሐሴ መጨረሻ ነው። ሚሼል ፊት ፊቴን ያየኛል።

«አፈሩ ለቁፋሮ ያስቸግራል፣ ግን ይሆናል ነው የሚሉት» አልኩት በፈረንሳይኛ።

ሚሼል የጋሽ ቱፋን ትከሻ መታ መታ አደረገ። እሳቸው ግን የሚያዩት አፌን ነበር።

«ሁሉንም ነገርከው?»

«አዎ ጋሼ። መሐንዲሳቸው አይቶታል፣ ችግር የለውም ይላል።»

መሐንዲስ የሚባል ሰው አልነበረም።

«እንግዲህ የተማረ ካየው…» አሉና የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሱ።

ትምህርት ቤቱ ነሐሴ ላይ አለቀ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፣ እንግዶቹ ሄዱ። ጥር ላይ ግድግዳው ተሰነጠቀ። በተከታዩ ሰኔ፣ ሁለተኛው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ አንዱ ክፍል ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ዕለቱ እሑድ ስለነበር ልጆች አልነበሩበትም።

ሽማግሌዎች ፍርስራሹ አጠገብ ተሰበሰቡ፤ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተርም መጡ። ጋሽ ቱፋ፣ «እኔ ተናግሬያለሁ፤ ይህ ልጅ ምስክሬ ነው» አሉ። ሚሼል ያስላከልኝ የጥሪ ወረቀት ከሳምንት በፊት ደርሶኝ ነበር፤ ለጉዞው የሚያስፈልገኝን የድጋፍ ደብዳቤ የሚፈርሙልኝ ደግሞ እኚሁ ዳይሬክተር ነበሩ።

«ብለው ነበር?» አሉኝ ዳይሬክተሩ ዞር ብለው።

«ስለ አፈሩ አንድ ነገር ያሉ ይመስለኛል። በደንብ አላስታውስም።»

ጋሽ ቱፋ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ በአቃቂ ቤት ሥሩልኝ ብሎ የጠራቸው የለም።

እኔ ወደ እነሱ አገር ሄድኩ። በአንድ ኮረብታማ የገጠር መንደር የመሰብሰቢያ አዳራሽ ስንሠራ፣ የመንደሩ ሽማግሌ ግንበኛ መጥቶ የቆፈርነውን አየና ራሱን ነቀነቀ። የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሥራው አራት ቀን ቆመ፤ እንደገና ቆፈርን፤ ማንም አላጉረመረመም። ሚሼል አካፋውን ተደግፎ፣ «አፈሩን የሚያውቀው እሱ ነው» አለኝ። እንደደረስኩ የአቃቂው ትምህርት ቤት እንዴት ሆነ ብሎ ጠይቆኝ፣ ደህና ነው ብዬው ነበር። አካፋዬን አንስቼ መቆፈሬን ቀጠልኩ።

መስከረም ላይ አቃቂ ጣቢያ ስወርድ ጋሽ ቱፋ ከፉርጎ ላይ የጨው ጆንያ ያወርዱ ነበር።

«ደህና ገባህ ልጄ? የእነሱ አገር አፈር እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያ ቤታቸው አይፈርስም» አሉና ጀርባቸውን ለሚቀጥለው ጆንያ ሰጡ።

ይቅርታ እጠይቃለሁ እያልኩ ዓመት አለፈ፤ ከዚያም ሌላ ዓመት። በኋላ ቀብራቸው ላይ ቆምኩ። ልጃቸው እጄን ይዛ፣ «አባቴ ይወድህ ነበር» አለችኝ።

ይህን ለባለቤቴ ብቻ አንድ ጊዜ ነግሬያት አውቃለሁ። «ልጅ ነበርክ» አለችኝ፣ ልታጽናናኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅነት አይደለም። ፈረንጆቹን መውቀስ እንዴት በቀለለኝ! ነገር ግን እነሱ አያውቁም ነበር፣ ጋሽ ቱፋም እንዲያውቁ ሊያደርጓቸው የሚችሉት በእኔ አፍ ብቻ ነበር። ሁለት ቋንቋ እችል ነበር፤ በሁለቱም ዋሸሁ።